ሦስት ዓይነት እንግሊዝኛ፦ ልጃችሁ ለቪሲኢ የትኛውን ይያዝ?

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ሐምሌ ነው፤ የሜልበርን ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ፉትስክሬይ፣ ኒኮልሰን መንገድ ላይ ካሉት የሀበሻ ቤቶች በአንዱ ቡና ይዘን ተቀምጠናል። አንድ የማውቀው አባት ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። 10ኛ ክፍል ያለችው ልጁ ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት የምትመርጥበት ቅጽ ነው።

«እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ አንድ ነው። እዚህ ግን ሦስት አራት ቦታ ተጽፏል። ዋናው የቱ ነው?» አለኝ።

ዋናው የቱ ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ አሳሳች ነው። መጥፎ ምርጫ ሲደረግ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ጥያቄ ተነስቶ ነው። ሁለት ልጆች በዚህ አሳልፌያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜም የሰፈር ልጆችን የቤት ሥራ አግዛለሁ። ከዚያ ያየሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. መጀመሪያ ስሞቹን ለዩ

ቪሲኢ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚወስደው የምስክር ወረቀት ነው። አብዛኛው ትምህርት አራት ዩኒት አለው። ዩኒት 1 እና 2 አብዛኛውን ጊዜ 11ኛ ክፍል፣ ዩኒት 3 እና 4 ደግሞ 12ኛ ክፍል ይወሰዳሉ። በእንግሊዝኛ ምድብ ውስጥ አራት ትምህርቶች አሉ፤ ኢንግሊሽ፣ ኢኤኤል፣ ኢንግሊሽ ላንጉጅ እና ሊትረቸር። ኢኤኤል ቋንቋው ሁለተኛው ለሆነበት ተማሪ የተዘጋጀ የኢንግሊሽ ዓይነት ስለሆነ፣ በተግባር ምርጫው ከሦስት ዓይነት መካከል ነው።

ከምድቡ ቢያንስ አንዱን እስከ ዩኒት 4 ሳይጨርስ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት የሆነውን ኤታር የሚያገኝ የለም። ኤታር ሲሰላ መጀመሪያ የሚያዘው የእንግሊዝኛ ውጤት ነው። ከዚያ የተማሪው ምርጥ ሦስት ሌሎች ትምህርቶች ይደመራሉ፣ ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ደግሞ 10 በመቶ ይጨመራል። ልጁ በሒሳብ አንበሳ ቢሆን እንኳ እንግሊዝኛው ከስሌቱ አይወጣለትም። ስለዚህ ምርጫው የዋዛ አይደለም።

ወላጆች በጣም የሚጨነቁበትን አሁኑኑ ልመልስ። «ልጄ ሕክምና መግባት ስለምትፈልግ ዋናውን ኢንግሊሽ ካልያዘች በሩ ይዘጋባታል» የሚሉ አሉ። አይዘጋም። የዩኒቨርሲቲዎችን የመግቢያ መስፈርት ብታዩ በተለምዶ «በኢኤኤል ይህን ያህል፣ ከኢኤኤል ውጭ በሆነ በማንኛውም እንግሊዝኛ ይህን ያህል» ብለው ነው የሚጽፉት። ላንጉጅም ሊትረቸርም «ማንኛውም» በሚለው ውስጥ ይገባሉ። የምትፈልጉትን ትምህርት ክፍል መስፈርት ግን በየዓመቱ ራሳችሁ አንብቡት።

2. የኢኤኤልን ጉዳይ ቀድማችሁ ጨርሱ

ልጁ አውስትራሊያ ከመጣ ብዙ ካልቆየ ከሁሉ በፊት ይህን አጣሩ። ኢኤኤል የሚፈቀደው እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ውስጥ የኖረበትና ዋናው የመማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ የሆነበት ጊዜ ከ7 ዓመት ላልበለጠ ተማሪ ነው። የኛ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው። ልጁ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ግን ከመጀመሪያ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ሲማር ከነበረ ያ ዘመን ሊቆጠርበት ይችላል። ጅዳ ወይም ዱባይ በእንግሊዝኛ ሲማሩ አድገው የመጡ ልጆችም እንደዚሁ። የድሮ የትምህርት ማስረጃውንና የገባበትን ቀን የሚያሳየውን ሰነድ ይዛችሁ የትምህርት ቤቱን የቪሲኢ አስተባባሪ አነጋግሩ። ማመልከቻው የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው።

ሌላው ችግር ኩራት ነው። «ልጄ ደካማ አይደለም፣ ኢኤኤል አይገባም» የሚል አባት ገጥሞኛል። ኢኤኤል የደካማ መጣያ አይደለም። ፈተናው የማዳመጥ ክፍል አለው፣ የሚለካውም በራሱ መመዘኛ ነው። መታወቅ ያለበት ብዙ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች በኢኤኤል የሚጠይቁት ውጤት ከሌላው እንግሊዝኛ ከፍ እንደሚል ነው፤ በተለምዶ በሌላው 25 ሲሉ በኢኤኤል 30 ይላሉ። ደግሞም ኢኤኤል የሚፈቀድለት ልጅ ላንጉጅ ወይም ሊትረቸር አይከለከልም።

3. አንዱን ነገር በሁለት ዓይን እዩት

አሁን ወደ ዋናው ልዩነት እንግባ። በትምህርት ቤቶቹ መግለጫ ላይ «ላንጉጅ ስለ ቋንቋ ነው፣ ሊትረቸር ስለ ሥነ ጽሑፍ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ምንም አይነግራችሁም። እኔ ለልጆቹ የማሳያቸው በአማርኛ ነው። ራሴ የገጠምኳት ሁለት መስመር አለች፦

ይማር ብዬ ልኬው ልጄን ሩቅ አገር፣
ሰዉ ሁሉ መጥቶ አለኝ ነፍስ ይማር።

ይህን አንብቦ መጀመሪያ «ይማር» የሚለው ቃል ላይ የሚቆም ልጅ አለ። «ቆይ፣ ላይኛው መ ይጠብቃል፣ ታችኛው ይላላል። ታዲያ ፊደላችን ለምን አያሳየውም?» ይላል። እውነቱን ነው። ሲነገር ይለያል፣ ሲጻፍ አይለይም። ከጠየቀ ደግሞ ይቀጥላል። በግዕዝ «አስተማረ» የሚለው መሀረ በሃሌታው ሀ፣ «ምሕረት አደረገ» የሚለው መሐረ በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። አማርኛ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ጠፋና ሁለቱ ቃላት ፊት ለፊት ተገናኙ። እንዴት ጠፋ? መቼ? ሌሎች ቃላትስ ላይ እንዲህ ሆኗል? ይህ ልጅ የላንጉጅ ልጅ ነው።

ሌላው ልጅ ስለ መጥበቅና መላላት ጉዳዩ አይደለም። ዝም ይላል። ከዚያ «አባትየው ልጁን የላከበት ቃል ነው ሬሳ ሆኖ የተመለሰው» ይላል። ለምን አንዱ «ይማር» መጀመሪያ፣ ሌላው መጨረሻ ላይ መጣ? «ሰዉ ሁሉ» ሲል ምሬት አለበት ወይስ የለበትም? አባትየው ራሱን እየወቀሰ ነው? አንድ ቦታ ላይ እንኳ «አዘንኩ» አላለም፤ ታዲያ ሐዘኑ ከየት መጣብን? ይህ የሊትረቸር ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ሰምና ወርቅ የሚፈታ ሽማግሌ ካለ ልጁ ሳያውቀው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሁለቱም ብልህ ልጆች ናቸው። ልዩነታቸው ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ነው። እንግሊዝኛቸው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይህ ልዩነት አይጠፋም።

4. ክፍል ውስጥ የሚሠራውን እወቁ

ከላንጉጅ ልጀምር፤ ወላጅ በጭራሽ የማያውቀው እሱን ነው። 11ኛ ክፍል ላይ ቋንቋ ምን እንደሆነ፣ ሕፃን እንዴት አፍ እንደሚፈታና እንግሊዝኛ በዘመናት እንዴት እንደተለወጠ ይማራሉ። 12ኛ ክፍል ላይ ዩኒት 3 መደበኛና ኢመደበኛ ቋንቋን፣ ዩኒት 4 ደግሞ ቋንቋና ማንነትን ይዟል። ልብ ወለድ የለም። ጽሑፎቹ የሬዲዮ ቃለ ምልልስ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የፓርላማ ንግግር፣ የሁለት ጓደኛሞች ወሬ ናቸው። ወሬው ትንፋሹና መደራረቡ ሳይቀር በጽሑፍ ይቀመጥና ተማሪው መስመር እየጠቀሰ ይተነትነዋል።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ዕቃ ለመመለስ ሱቅ ገብታችሁ «ሶሪ» ስትሉ ባለሱቁ «ኖ ወሪስ» ይላችኋል። ለኛ ይህ «ችግር የለም» ነው፣ አለቀ። የላንጉጅ ተማሪ ግን ግማሽ ገጽ ይጽፍበታል። ደንበኛው «አስቸገርኩ» ብሎ እንዳይሸማቀቅ ሸክሙን አነሳለት ይላል። ሻጭና ገዢ የሚለውን ርቀት አጠበበው ይላል። የአውስትራሊያዊነት ምልክትም ነው ይላል። «አፍተርኑን» ተቆርጦ «አርቮ»፣ «ሰርቪስ ስቴሽን» ተቆርጦ «ሰርቮ» ሲባልም እንዲሁ፤ ቃሉ እንዴት እንደተሠራና ለምን ወዳጅነት እንዳለው ያብራራል። እኛ «አበበ»ን «አቤ» ስንል የምናደርገውን ማቆላመጥ የሚያውቅ ልጅ ይህ አይከብደውም።

የኛ ልጆች እዚህ ላይ ድብቅ ሀብት አላቸው። «አንተ»ን ከ«እርስዎ» ለይቶ ያደገ ልጅ አክብሮት በሰዋስው ውስጥ እንደሚኖር ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። እንግሊዝኛ ግን ያንን ልዩነት ድሮ ነበረው፣ ጣለው። ማንነትን የሚያጠናው ዩኒት 4 ላይ ደግሞ የስደተኛ ማኅበረሰቦች እንግሊዝኛ ራሱ የትምህርቱ አካል ነው። «ማም፣ እሺ፣ አይም ካሚንግ፣ ጠብቂኝ» የሚለው መልእክት ቤት ውስጥ «ቅልቅል» ተብሎ ያስቆጣል፤ እዚያ ማስረጃ ነው።

ክብደቱ የሙያ ቃላቱ ናቸው። ልጆቹ ሜታላንጉጅ ይሉታል። የድምፅ፣ የቃል አሠራር፣ የዓረፍተ ነገር፣ የትርጉምና የንግግር አገባብ ስሞች በብዛት ይሸመደዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ ፍላሽ ካርድ ይሠራላቸዋል። ልጁ ባዮሎጂ ላይ ስሞች መያዝ ከወደደ ደስ ይለዋል። ከጠላ አንገፍጋፊ ነው። ፈተናው 2 ሰዓት ሲሆን አጭር መልስ 15 ነጥብ፣ ትንተናው 30፣ ድርሰቱ 30 ይይዛል። ለድርሰቱ ከቅርብ ጊዜ የአውስትራሊያ ሕይወት የተወሰዱ ምሳሌዎች ይጠበቃሉ። ስለዚህ ጎበዝ ተማሪ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ከዜና፣ ከስፖርት፣ ከትራም ላይ የሰማውን በደብተር ይለቅማል።

ሊትረቸር ሌላ ዓለም ነው። ልብ ወለድ፣ ተውኔት፣ ግጥም፣ አጭር ልብ ወለድ ይነበባል። ማንበብ ስል አንዴ ማለቴ አይደለም፤ ሦስቴ አራቴ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ አንድ ሥራ ወደ ፊልም ወይም መድረክ ሲቀየር ምን እንደሚሆን ያጠናሉ። አንዱን ሥራ በተለያየ አተያይ ይተረጉማሉ፤ ለዚያም ሌሎች ሰዎች የጻፉትን ሐተታ ያነባሉ። ሥራውን ተከትለው የራሳቸውን ፈጠራ ይጽፋሉ። በመጨረሻ የተቀነጨበ ምንባብ ወስደው መስመር በመስመር ይፈቱታል። ፈተናው እዚህም 2 ሰዓት ነው። ታሪኩን መተረክ ነጥብ አያስገኝም። «ከዚያ እንዲህ ሆነ» የሚል ድርሰት የለመደ ልጅ በመጀመሪያው ሳክ ይደነግጣል። ሳክ ማለት በትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ምዘና ሲሆን፣ በሦስቱም እንግሊዝኛ የዓመቱን ውጤት ግማሽ ይይዛል። ሌላው ግማሽ የመጨረሻው ፈተና ነው።

ልጆች «ሜይንስትሪም» የሚሉት ኢንግሊሽ ከሁሉም ይቆነጥራል። የተመረጡ መጻሕፍት ላይ ድርሰት፣ የራስን ጽሑፍ መፍጠርና የሰዎችን ክርክር መተንተን አለበት። ፈተናው 3 ሰዓት ነው። የፈጠራው ክፍል በ2024 ለ12ኛ ክፍል ሲጀመር ከተሰጡት ርእሶች አንዱ የግል ጉዞ ነበር፤ ለስደተኛ ልጅ የሚጻፍ ነገር አይጠፋበትም። ሁለቱ ልዩ ትምህርቶች ሳይስቡት ቀርቶ ይህን የሚይዝ ልጅ ምንም አልጎደለበትም። ብዙኃኑ ተማሪ የሚወስደውም ይኸው ነው።

5. ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ይህን ያዙ። ያለፉ ዓመታት የቪሲኢ ፈተናዎችና የፈታኞች ሪፖርቶች በቪክቶሪያ የሥርዓተ ትምህርትና ምዘና ባለሥልጣን (ቪሲኤኤ) ድረ ገጽ ላይ በነፃ አሉ። ከላንጉጅ የትንተናውን ክፍል፣ ከሊትረቸር አንድ ምንባብ አትሙ። በሁለት የተለያየ ቅዳሜ ለየብቻ 40 ደቂቃ ስጡት። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

መልሱን አታርሙ፤ 10ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሊመልሰው አይጠበቅም። ሁኔታውን ነው የምታዩት። ወረቀቱ ላይ ማስመር የጀመረው የትኛው ላይ ነው? የትኛው ላይ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ? ሲጨርስ ወሬ ያመጣው ስለ የትኛው ነው? ልጄን ሳስሞክራት የሊትረቸሩን ወረቀት በሥነ ሥርዓት ሞልታ መለሰችልኝ። የላንጉጁን ግን እራት ላይ «እማዬ፣ ሰውየው ሦስቴ ‹ያ› (yeah) ያለው ለምን ይመስልሻል?» ብላ አመጣችው። በዚያ ምሽት ነገሩ አለቀ።

ከዚያ ከፈታኞች ሪፖርት ውስጥ ጥሩ ተብሎ የታተመውን መልስ አብራችሁ አንብቡ። ልጁ «እኔም ይህን መጻፍ እፈልጋለሁ» ካለ ጥሩ። «ይህን ሁሉ?» ካለም ጥሩ፤ በጊዜ ታወቀ።

6. ስለ ስኬሊንግ ጥቂት

ስኬሊንግ ማለት ለኤታር ሲሰላ የአንድ ትምህርት ውጤት ከፍ ወይም ዝቅ መደረጉ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በብዛት የሚወራው ይህ ነው። «ላንጉጅ ስኬል ያደርጋል፣ እሱን አስይዙ።» እውነት አለው። በተለምዶ ላንጉጅና ሊትረቸር ሲሰሉ ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ ኢንግሊሽ ትንሽ ዝቅ ይላል። ግን ከፍ የሚለው ትምህርቱን የያዙት ልጆች በሌሎች ትምህርቶቻቸውም ጠንካራ ስለሆኑ ነው። ውጤት ከ50 ይሰጣል፣ አማካዩ 30 አካባቢ ነው። ክፍሉ በጎበዞች ሲሞላ 30 ማግኘት ራሱ ይከብዳል። የሚወደውን ይዞ 36 የሚያመጣ ልጅ፣ ለስኬሊንግ ብሎ ገብቶ 27 ከሚያመጣው በጣም ይሻላል። አንድ መጽሐፍ እንኳ በፈቃዱ አንብቦ የማያውቅ ልጅ በአጎቱ ልጅ ምክር ሊትረቸር ገብቶ ዓመቱን ሙሉ ከማጠቃለያ ላይ ሲያነብ አይቻለሁ። ፈተናው ምንባቡን እንጂ ማጠቃለያውን አይጠይቅም።

ሁለቱንም ልያዝ የሚል ልጅ ይችላል። ኤታሩ ላይ ከዋናዎቹ አራት ውስጥ እስከ ሁለት የእንግሊዝኛ ትምህርት ይገባል። ጽሑፉ ግን ብዙ ስለሆነ፣ መጻፍ የሚወድ ብቻ ይሞክረው።

7. ትምህርት ቤቱን እነዚህን ጠይቁ

ሁሉም ትምህርት ቤት ሁሉንም አይሰጥም። በቅጹ ላይ መጻፉም ዋስትና አይደለም፤ በቂ ተማሪ ካልተመዘገበ ክፍሉ ሊታጠፍ ይችላል። ስለዚህ «ባለፈው ዓመት ተከፍቶ ነበር? ስንት ልጅ ነበረው? የሚያስተምረው ሰው ከዚህ በፊት አስተምሮታል?» በሉ። ላንጉጅ ላይ የመጨረሻው ጥያቄ ይከብዳል፤ ሥነ ጽሑፍ አጥንቶ የመጣ መምህር ሁሉ የቋንቋ ትንተና አይመቸውም። ትምህርት ቤቱ ከሌለው በርቀት የሚያስተምረው ቨርችዋል ስኩል ቪክቶሪያ አለ፤ በአስተባባሪው በኩል ጠይቁ። ጥያቄ ማብዛት ነውር እንዳይመስላችሁ። እዚህ አገር ዝም ያለ ወላጅ ተስማማ ተብሎ ይታለፋል።

የሊትረቸር የመጻሕፍት ዝርዝሩንም አሁኑኑ ጠይቁና ልጁ በታኅሣሥና ጥር ዕረፍት ሁለቱን አንብቦ ይግባ።

8. ከተሳሳታችሁ

ዩኒት 1 እና 2ን ሳይወስዱ ዩኒት 3 መግባት በደንቡ ይቻላል። ስለዚህ 11ኛ ክፍል ላይ ሞክሮ ያልተመቸው ልጅ ለ12ኛ መቀየር ይችላል። ከላንጉጅ ወይም ከሊትረቸር ወደ ኢንግሊሽ መውረድ ቀላሉ መንገድ ነው። ከኢንግሊሽ ወደ ላንጉጅ መውጣት ግን ዓመት ሙሉ የተጠራቀመውን ሜታላንጉጅ በአንድ ዕረፍት መሸምደድ ይጠይቃል። ስለዚህ ካመነታችሁ 11ኛ ክፍል ላይ ልዩውን ይዞ ይጀምር፤ መመለሻው ክፍት ነው። በዓመቱ መሐል መቀየር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳያልፉ ነው። ከመጀመሪያው ሳክ በኋላ የሚያለቅስ ልጅ ይዞ አስተባባሪ ቢሮ መሄድ ብዙም አይረዳም።

ያ አባት ወረቀቱን ይዞ ሄዶ እነዚያን ሁለት ቅዳሜዎች ሞከረ። ልጅቷ ላንጉጅ ያዘች። አሁን ዩኒት 4 ላይ ናት፣ ለማንነት ድርሰቷ የቤተሰቡን የስልክ መልእክቶች እየለቀመች በደብተር ትጽፋለች። እሱም ይህን ካወቀ ወዲህ «ዌር አር ዩ የኔ ልጅ ቶሎ ነይ» የሚለውን እንኳ ሁለቴ ሳያነብ አይልክም።